ከቢንገን እስከ ኮብለንዝ በራይን ዳር በሳይክል፣ በአንድ ቀን ለጀማሪ ይቻላል?

የማይን_ዳሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ። እኔ ፍራንክፈርት ነው ምኖረው፣ ሳይክል የተማርኩት ከሁለት ዓመት በፊት በ37 ዓመቴ ነው። ልጅ ሆነን አዲስ አበባ ወንድሞቼ ሰፈር ውስጥ ሳይክል በሰዓት እየተከራዩ ሲነዱ እኔ ሴት ልጅ ሳይክል ላይ አትወጣም ተብዬ አጥር ተደግፌ ነበር ማያቸው፣ እና ያ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። አሁን ተመስገን ነው ስራ ምሄደው በማይን ወንዝ ዳር እየነዳሁ ነው፣ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ቀን ደሞ ሃናው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ ማታ እግሬን ቢያመኝም ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

አሁን ከጓደኛዬ ጋር የራይንን መንገድ ከቢንገን እስከ ኮብለንዝ በአንድ ቀን ልንሞክር ነው፣ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት በሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ ቀን። 65 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ። የነዳችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ በየትኛው ዳር ነው ሚሻለው፣ ዳገት አለው ወይ፣ ታፔላው ሰው ሳይጠይቁ ያደርሳል ወይ፣ ከመኪና ጋር እንገፋፋለን ወይ (ዋናው ፍርሃቴ እሱ ነው መኪና ከኋላዬ ሲመጣ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል)፣ መሀል ላይ አቅም ቢያንሰኝስ ምን አረጋለሁ? ጓደኛዬ ከኔ ትጠነክራለች፣ እሷን ማስቀረት አልፈልግም።

ማይንዝ_ሰፈር፦

ሰላም እህቴ፣ በደንብ ይቻላል፣ 40 ከነዳሽ 65 ሩቅ አይደለም ጊዜ ብቻ ነው ሚፈልገው። እኔ በየዓመቱ ሁለት ሶስቴ እነዳዋለሁ ስለዚህ በዝርዝር ልንገርሽ።

በግራው ዳር ሂዱ፣ ማለት ወንዙ ወደሚወርድበት ፊትሽን ስታዞሪ በግራ በኩል ያለው፣ ቢንገን ባካራህ ኦበርቬዘል ሳንክት ጎዋር ቦፓርድ ያሉበት ማለት ነው። በዚህ በኩል የሳይክሉ መስመር እስከ ኮብለንዝ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ስለ መኪናው እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤ 9 የሚባለው አውራ ጎዳና ብዙ ቦታ ላይ አጠገብሽ ነው፣ ድምፁ አለ፣ ግን አንቺ የራስሽ መስመር አለሽ አውራ ጎዳናው ላይ ከመኪና ጋር አትገቢም። በተረፈ ባቡር በሁለቱም ዳር ስላለ የጭነት ባቡር ሲመጣ ሸለቆው በሙሉ ያስተጋባል፣ ድንገት እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ዳገት የለውም፣ ወንዝ ዳር ነው። ታፔላው ነጭ ሆኖ ፅሁፉ አረንጓዴ ነው፣ የሚቀጥለው ከተማ ስምና ኪሎ ሜትሩ አለው፣ ከስሩ ደሞ ሰማያዊ ላይ ቢጫ ኮከቦችና 15 ቁጥር ያለበት ታያለሽ፣ እሱ ዩሮቬሎ 15 የሚባለው የሳይክል መስመር ነው፣ ከስዊዘርላንድ ተራራ ከአንደርማት ተነስቶ ሆላንድ ባህር ድረስ የሚሄደው። መገንጠያ ላይ ሳይክልና ቀስት ብቻ ያለባት ትንሽ ታፔላ አለች እሷን አትለፊያት፣ እኔ የመጀመሪያ ቀን እሷን ሳላይ አልፌ ከተማ ውስጥ ገብቼ ዞሬያለሁ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ደሞ የወንዙ ኪሎ ሜትር ነው። ለመርከቦች ተብሎ ወንዙ ዳር ትላልቅ ነጭ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ተፅፏል፣ ዜሮው ኮንስታንዝ ድልድዩ ላይ ነው፣ ቢንገን ስትደርሺ 528 አካባቢ ነሽ፣ ኮብለንዝ የሞዘል ወንዝ ከራይን ሚገናኝበት 592 ነው። ስልክሽን ማውጣት አያስፈልግሽም፣ ቀና ብለሽ ታያለሽ በቃ። ባካራህ 543፣ ኦበርቬዘል 550፣ ሎረላይ የሚባለው ትልቁ ገደል 554፣ ሳንክት ጎዋር 557 ገደማ፣ ቦፓርድ 570፣ እነዚህን ወረቀት ላይ ፅፈሽ ያዢ።

አቅም ስለማነስ ያልሽው ምንም አያስጨንቅሽ፣ በግራው ዳር ከሞላ ጎደል በየመንደሩ ባቡር ጣቢያ አለ፣ ትሬሽቲንግስሃውዘን፣ ኒደርሃይምባህ፣ ባካራህ፣ ኦበርቬዘል፣ ሳንክት ጎዋር፣ ሂርትሰናህ፣ ባድ ዛልሲግ፣ ቦፓርድ፣ ሽፓይ፣ ሬንስ። የደከመሽ ቦታ ወርደሽ ሳይክልሽን ይዘሽ ባቡር ትገቢያለሽ። ቅዳሜና እሁድ በክልል ባቡር ሳይክል በነፃ ነው (በስራ ቀን ራይንላንድ ፋልስ በሚባለው በዚህ ክልል ውስጥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በነሱ 9 በኋላ ነው ነፃ ሚሆነው)፣ ቦታ ካለ ነው ግን፣ በጋ ላይ ቅዳሜ ይሞላል ስለዚህ በጠዋት ውጡ። ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ ግን ለሳይክል ቲኬትና ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው እነሱን ተዋቸው። ቢንገን ደሞ ሁለት ጣቢያ አለው፣ ቢንገን ሽታት ላይ ውረዱ እሱ ወንዙ ዳር መናፈሻው ጋ ነው፣ ከዛ የናሄን ወንዝ ድልድይ ትሻገራላችሁ።

ፈጣን_ጎማ፦

ከላይ የተፃፈው ጥሩ ነው ግን እኔ በቀኙ ዳር ነው ምወደው፣ ሩደስሃይም አለ፣ ካውብ አለ፣ ሎረላይ ራሱ ያለው በዛ በኩል ነው፣ ብራውባህ ላይ ማርክስቡርግ አለ፣ እዛ ተራራ ላይ ካሉት ግንቦች ፈርሶ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ግራ ግራ ይላል ቀኙ ፀጥ ይላል።

ማይንዝ_ሰፈር፦

ወንድሜ ልክ ነህ ግን የቆጠርካቸው ሁሉ ከግራው ዳር ሆነህ ነው በደንብ ሚታዩት፣ ከስሩ ሆነህ ሎረላይን ብታየው ድንጋይ ነው፣ ከማዶ ግን 132 ሜትሩ ቀጥ ብሎ ከውሃው ሲወጣ ይታይሃል። ደሞ በቀኙ በኩል አንዳንድ ቦታ ቤ 42 ወደሚባለው አውራ ጎዳና በጣም ትጠጋለህ፣ መኪና ለምትፈራ ጀማሪ እሱን አልመክርም። ማየት ከፈለጉ በጀልባ ይሻገሩ፣ ከማይንዝና ቪስባደን ወዲህ እስከ ኮብለንዝ ድረስ ድልድይ የለም ስለዚህ ሰው መኪና ሳይክል ሁሉም በጀልባ ነው ሚሻገረው፣ ቢንገን ላይ አለ፣ ካውብ ላይ አለ፣ ሳንክት ጎዋር ላይ አለ፣ ቦፓርድ ላይ አለ። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሳይክል ይጭናል፣ ሳንቲም ያዙ።

ጋሽ_ጣና፦

ልጄ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባህር ዳር ነው ያደግሁት፣ እዛ ሳይክል የሁሉም ነው፣ ዘንባባው ስር ሴቱም ወንዱም ይነዳ ነበር፣ አንቺ በ37 መጀመርሽ ምንም አይደለም እግር ዕድሜ አይቆጥርም። ጀርመን የገባሁት በነሱ በ1981 ነው፣ ይህን መንገድ ያኔ አስፋልቱ እንዲህ ሳይስተካከል ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ሰዎቹ ያልነገሩሽ ነፋስን ነው። ወንዙ ወደ ኮብለንዝ ስለሚወርድ ሰው ቁልቁለት ይመስለዋል፣ ከቢንገን እስከ ኮብለንዝ ውሃው የሚወርደው ግን 20 ሜትር ገደማ ነው፣ በ65 ኪሎ ሜትር ውስጥ እሱ ምንም ማለት ነው። ነፋሱ ነው ዳገቱ። ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ሲመጣ ሸለቆው እንደ ቧንቧ ያጠበውና ፊት ለፊት ይመታሻል፣ በተለይ ከቦፓርድ በኋላ ደክሞሽ ሳለ። ስለዚህ ዋዜማውን ትንበያውን እዪ፣ ከዚያ አቅጣጫ ጠንካራ ነፋስ ካለ በባቡር ኮብለንዝ ሂዱና ወደ ቢንገን ንዱ፣ መንገዱ ያው ነው ታፔላው በሁለቱም በኩል ያነባል። ሎርሽ የምትባል ከተማ ትይዩ ስትደርሺ ደግሞ በጠዋት ቀዝቃዛ ነፋስ ከጎን ይመጣል፣ ከቪስፐር ሸለቆ የሚወርድ ነው፣ የአገሬው ሰው በስሙ ነው የሚጠራው፣ ስስ ጃኬት ያዢ።

ሌላው ዓይንሽ ቁጥሩ ላይ ብቻ አይሁን። ግንቦቹን ስታዪ ምን እንደነበሩ ካወቅሽ መንገዱ ያጥራል። ብዙዎቹ ኬላ ነበሩ፣ መርከብ አስቁሞ ቀረጥ መሰብሰቢያ። ካውብ ፊት ለፊት ወንዙ መሀል ደሴት ላይ የቆመው ፋልስግራፈንሽታይን፣ መርከብ የሚመስለው፣ በ1326 እና 27 ንጉሥ ሉድቪግ ለዚህ ሲል ነው ማሰራት የጀመረው፣ ሳንክት ጎዋር ላይ ያለው ራይንፈልስም በ1245 ያው ለቀረጥ ነው የተሰራው። እኛም አገር ነጋዴ ከኬላ ኬላ ሲቀረጥ ነው የኖረው፣ ይህን ሳስብ ድንጋዩ ባዳ አይሆንብኝም። ሸለቆው በ2002 ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ የኛ ፋሲል ግንብ በ1979 በነሱ አቆጣጠር እንደተመዘገበው።

በ2018 ጥቅምት ውስጥ ውሃው ጎድሎ ካውብ ላይ መለኪያው 25 ሳንቲ ሜትር ሲያነብ መርከቦቹ ግማሽ ጭነት እንኳን መያዝ አቅቷቸው ነበር። ቢንገን ላይ የአይጥ ማማ የሚሉት ግንብ ያለበትን ደሴት ሰው በእግሩ ነበር የሚደርሰው። እኔም በእግሬ ደርሼ ግድግዳውን ነክቼዋለሁ። ያን ቀን አልረሳውም።

ሲስተር_ቢ፦

የኔ ቆንጆ እኔ ስለ ሰውነትሽ ልንገርሽ። 40 ነድተሽ እግሬን አመመኝ ካልሽ ምናልባት መቀመጫሽ ዝቅ ብሏል፣ ግድግዳ ተደግፈሽ ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትሽ ቀጥ ማለት አለበት፣ ካልሆነ ከፍ አድርጊው። መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ግዢ፣ ከስሩ ሌላ የውስጥ ሱሪ አይደረግም፣ ስፌቱ ነው ሚያቆስለው፣ ከላዩ ሰፊ ሱሪ ወይ ቀሚስ ማድረግ ትችያለሽ ማንም አያይሽም። ቁምጣውን ደሞ የዛን ቀን አትጀምሪው፣ ከዚያ በፊት ሁለቴ ስራ ሂጂበት።

ከባድ ማርሽ አትግፊ፣ ቀለል አርገሽ ቶሎ ቶሎ አዙሪው ጉልበትሽን ታድኛለሽ። እጅሽ ሲደነዝዝ አያያዝሽን ቀያይሪ። ሳይርብሽ ብዪ ሳይጠማሽ ጠጪ፣ እኔ በሶ ነው ምይዘው፣ አንዱን ጠርሙስ በሶ በማርና በትንሽ ጨው በጥብጬ ሌላውን ንፁህ ውሃ፣ ከሱ ጋር ዳቦ ቆሎ ኪሴ ውስጥ። ከሱቅ የሚገዛው ጄል ሆዴን ይነፋኛል በሶ ግን እስከ ማታ ይዞኝ ይሄዳል። ጠርሙሱን ግን ደጋግመሽ ወዝውዢው ይዘቅጣል።

እና ለጓደኛሽ አሁኑኑ ንገሪያት ቀስ ብለን ነው ምንሄደው በይ፣ መንገድ ላይ አይደለም ሚነገረው።

የማይን_ዳሯ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ እርስዎን በተለይ አመሰግናለሁ። ነድተን መጣን! እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ ረዥም ነው ታገሱኝ።

ዋዜማውን ትንበያውን አየሁ ነፋሱ ቀላል ነበር ስለዚህ ከቢንገን ጀመርን። ከፍራንክፈርት በመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ነው የወጣነው፣ ሳይክሎቹ ቦታ አገኙ፣ ማይንዝ ላይ ግን ሌሎች ስምንት ሳይክሎች ገቡ ትንሽ ዘግይተን ቢሆን አንገባም ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ (በነሱ ስምንት ተኩል) ቢንገን መናፈሻው ውስጥ ነበርን። የናሄን ድልድይ እንዳለፍን የአይጡን ማማ አየነው፣ ውሃው ሙሉ ነበር፣ ጋሼ በእግራቸው የደረሱበት ይሄ ነው ብዬ ለጓደኛዬ አሳየኋት።

የመጀመሪያዎቹ 15 ኪሎ ሜትሮች ለኔ ከባድ ነበሩ፣ ስለ ድካም አይደለም፣ መኪናው ከአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬ ይኮማተራል እጄ መሪውን እንቅ ያረጋል። ማይንዝ ሰፈር እንዳልከው የራሴ መስመር ላይ ነኝ፣ ይሄን አውቃለሁ፣ ግን ሰውነት በአንዴ አይሰማም። ከዛ ሰሌዳዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። 535። 536። ቁጥሩ እስኪመጣ ወንዙን ነው ማየው መኪናውን አይደለም፣ እና የሆነ ቦታ ላይ፣ የት እንደሆነ እንኳን አላውቅም፣ መኪናውን መስማት ተውኩ። ባካራህ 543 ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ ትከሻሽ ወርዷል አለችኝ።

ባካራህ ውስጥ ገብተን ቡና ጠጣን፣ ድንጋይ ንጣፍ ነው ወርደን ገፋን። ከላይ ወይን ተክሉ ቀጥ ያለ ገደል ላይ ነው የተተከለው፣ ሰው እዛ ላይ እንዴት ቆሞ እንደሚለቅም ሳስብ የሰሜን ገበሬ ገደል ላይ ጤፍ ሲያርስ ትዝ አለኝ። ከዛ ካውብ ትይዩ ሳር ላይ ተቀምጠን በሶአችንን ጠጣን። ሲስተር በሶው እውነትም ይዞኝ ነው የሄደው፣ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ባልና ሚስት ምንድነው ብለው ጠየቁን የተቆላ ገብስ ነው ስንላቸው ቀመሱት ሴትየዋ ጥሩ ነው ብላ ደግማ ጠየቀች። ወንዙ መሀል ያለው ግንብ ግን በፎቶ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል፣ ውሃው በሁለት በኩል ከፍሎት ሲያልፍ ግንቡ ራሱ ወደ ላይ የሚሄድ ነው ሚመስለው።

ሎረላይ ጋ ወንዙ ይጠብባል ይታጠፋል፣ ረዣዥም የጭነት ጀልባዎች ቀስ ብለው ሲዞሩ ቆመን አየን። በጀልባ ተሻግረን የማየት ሃሳብ ነበረን፣ ሰዓቱን አይተን ተውነው።

562 አካባቢ ሂርትሰናህ ሳንደርስ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ካላማዳሪያ ይዘናል፣ ግን ሁለታችንም በቪዲዮ እንጂ በእጃችን ቀይረን አናውቅም ነበር። 40 ደቂቃ ፈጀብን። መጀመሪያ ጎማው ውስጥ የተሰካውን ሳንፈልግ ልንከተው ስንል ጓደኛዬ ቆይ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ትንሽዬ የጠርሙስ ስባሪ አገኘች፣ ባናገኘው አዲሱንም ይበሳው ነበር። እጃችን ጥቁር ሆነ፣ ሰንሰለቱን ስመልስ ሁለቴ ወለቀ፣ ግን ሰራነው ራሳችን። ይሄን ስፅፍ እንኳን ደስታው ይመለስብኛል፣ ልጅ ሆኜ ወንድሞቼ ጎማ ሲለጥፉ ውሃ በሳፋ ማቀርበው እኔ ነበርኩ፣ አረፋ ሚወጣበትን ቀዳዳ ማሳየት ብቻ ነበር ሚፈቀድልኝ።

ከቦፓርድ በኋላ ጋሼ እንዳሉት ሆነ። ወንዙ ትልቅ ዙር ይዞራል፣ ነፋሱ ቀላል ነው ያልኩት ፊት ለፊት መጣ፣ ወንበሩ ያመኛል፣ 575 ላይ አለቀስኩ። እንባው ለምን እንደመጣ አላውቅም በጣም አላመመኝም። ጓደኛዬ ሽፓይ ጣቢያ ቅርብ ነው ባቡር እንያዝ ወይ አለችኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ ለኔ ብላ። ጣቢያው መኖሩን ማወቄ ነው መሰለኝ የረዳኝ፣ ሬንስ ድረስ ልሞክርና እዛ እንወስን አልኳት። ማዶ ማርክስቡርግ ተራራው ላይ ቆሞ እያየነው ነው የነዳነው፣ ማርሼን ቀለል አረኩ፣ እሷ ከፊቴ ሆና ነፋሱን ያዘችልኝ። ሬንስ ስንደርስ ሁለታችንም ስለ ባቡር አላነሳንም።

ሽቶልሰንፈልስ፣ ቢጫው ግንብ፣ ዛፍ መሀል ብቅ ሲል ኮብለንዝ ደረስን ማለት ነው አለችኝ። ከዛ መናፈሻ ነው፣ ጥላ ነው፣ ሰው ከልጆቹ ጋር ይሄዳል። ሞዘል ከራይን ሚገናኝበት ጥግ ላይ ስንቆም በነሱ አምስት ተኩል ነበር፣ ከእረፍትና ከጎማው ጋር ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ሁለቱ ውሃዎች ቀለማቸው እንደሚለያይ ማንም አልነገረኝም ነበር፣ የተወሰነ ርቀት ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ነው ሚሄዱት።

እዛው ሆኜ አዲስ አበባ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ፣ ሳይክሉን አሳየኋት፣ ጥቁር እጄንም። 592 ያለውን ሰሌዳ ሳሳያት ይሄ ምንድነው አለች ነገርኳት። ዝም አለችና ያኔ አባትሽን ፈርቼ ነው እንጂ እኔስ እንድትነጂ እወድ ነበር አለችኝ።

ጋሽ_ጣና፦

ልጄ ጎበዝ። እናትሽን ሰላም በይልኝ። የሚቀጥለው ሞዘል ነው፣ ከኮሄም እስከ ኮብለንዝ ከዚህ ትንሽ የሚያጥር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነፋሱ የዋህ ነው፣ መስከረም ላይ ወይኑ ሲለቀም ሂዱ። ካላማዳሪያ ሁለት ያዙ።